ለገናና ለጥምቀት ሰው ይዛችሁ ወደ ደብረ ሲና ለምትወጡ

ከካይሮ ወደ ደብረ ሲና የሚደረገው ጉዞ ብዙውን ጊዜ የሚወጠነው ለገና ወይም ለጥምቀት ሰሞን ነው። ጃንዋሪ 7 እና ጃንዋሪ 25 በግብፅ የሕዝብ በዓላት ናቸው፤ ሰው ቤት ተቀጥረው የሚሠሩ እህቶቻችን ከማዳም ፈቃድ የሚያገኙት፣ ምግብ ቤትና ጋራዥ የሚውሉ ወንድሞቻችንም እፎይ የሚሉት በእነዚህ ቀናት ነው። አገር ቤት ታኅሣሥና ጥር በጋ ነው። ስለዚህ ለጉዞው የሚመዘገብ ሰው ስለ ዋጋው፣ ስለ አውቶቡሱና ስለ መነሻው ሰዓት ይጠይቃል እንጂ ስለ አየሩ አይጠይቅም። ሲና ላይ ግን ነፋሱም፣ ዝናቡም፣ በረዶውም የሚመጣው በዚሁ ወቅት ነው።

ይህን የምጽፈው በመዓዲ፣ በአርድ ኤል ሊዋ፣ በዶቂም ሆነ በሌላ የካይሮ ሰፈር ስም ለምትመዘግቡ፣ ገንዘብ ለምትሰበስቡ፣ አውቶቡስ ለምትከራዩ አስተባባሪዎች ነው። ራሳችሁን እንደ ተራራ መሪ አትቆጥሩ ይሆናል። ነገር ግን ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አርባ ሰው አስከትላችሁ ከቅድስት ካትሪን ገዳም ጀርባ ሽቅብ ስትነሡ፣ ወደዳችሁም ጠላችሁም ሥራው የእናንተ ሆኗል።

ከእኛ ሰው ጋር ስለ ተራራ መነጋገር የሚያስቸግርበት ምክንያት አለ። የምትወጡት የሙሴ ተራራ ጫፍ ከባሕር ወለል በላይ 2,285 ሜትር ነው። አብዛኛው የአዲስ አበባ ክፍል ከዚያ ይበልጣል። በግብፅ ምድር የመጨረሻው ከፍተኛ የሆነው የካትሪን ተራራ 2,600 ሜትርን ትንሽ ያልፋል፤ ደብረ ብርሃን ከተማ ከእርሱም በላይ ናት። ደጋ ተወልዶ ያደገ ሰው «ይህ ደግሞ ተራራ ተብሎ!» ቢል አይፈረድበትም። ሆኖም ሲና ላይ ሰው የሚገድለው ከፍታው አይደለም። ርጥበት፣ ነፋስና ባዶ ሆድ በአንድ ሌሊት ሲገናኙ ነው የሚገድሉት። በዚያ ላይ ካይሮ ዓመታት የቆየ ሰው የደጋ ትንፋሹም፣ ብርድ የለመደ ገላውም አብሮት የለም።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር አየሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ካይሮ ላይ ሌሊቱ 10 ዲግሪ ከሆነ፣ 1,500 ሜትር ግድም ላይ ባለው ገዳም ዜሮ አካባቢ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ከዜሮ በታች 5 ይሆናል ማለት ነው። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ሲጨመርበት ገላ የሚሰማው ከዜሮ በታች 14 ነው። ካይሮ በስስ ሹራብ ያመሸን ሰው በማግስቱ ንጋት ላይ የሚጠብቀው ይህ ነው።

እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2014 የሆነውን በካይሮ ተራራ የሚወጡ ሁሉ ያስታውሱታል። ስምንት ግብፃውያን በቅድስት ካትሪን አካባቢ ባብ ኤል ዱንያ በሚባለው ተራራ ላይ ሳሉ የበረዶ ውሽንፍር መጣባቸው። አራቱ በብርድ ሞቱ። በፍለጋው በእግራቸው የወጡት የአካባቢው ቤዱዊኖች ነበሩ፤ የመንግሥት እርዳታ ዘገየ ተብሎም በአገሩ ትልቅ ቁጣ ተነሥቷል። ስምንቱ ተጓዦች አገሩ የራሳቸው ነው፤ ቋንቋውን ያውቃሉ፤ ተራራ መውጣትም ወደው የገቡበት ነገር ነበር። በዚያው የብርድ ወቅት፣ በዲሴምበር 2013፣ የካይሮ ዳርቻ ሰፈሮች እንኳ ነጭ ለብሰው የታዩበት ብርድ ደርሶ ነበር። ታሪኩን የማነሣው ማንንም ለማስፈራራት አይደለም። እዚያ ላይ ማዕበል ከያዛችሁ በሰዓታት ውስጥ ደርሶ የሚያወርዳችሁ ኃይል እንደሌለ አውቃችሁ እንድትነሡ ነው።

ስለዚህ ዋናው ውሳኔ የሚወሰነው ካይሮ ላይ፣ ገንዘብ ሳይሰበሰብ ነው። አስተባባሪ ጉዞውን ለመሰረዝ የሚቸገረው ደፋር ስለሆነ አይደለም፤ ለአውቶቡሱ ቀብድ ከፍሏል፣ ሰውም ከአሠሪው ፈቃድ ለምኖ ወጥቷል። ይህን ጫና አስቀድማችሁ ፍቱት። ከአውቶቡሱ ባለቤት ጋር ስትዋዋሉ «አየሩ ከከፋ በዚያው ቀብድ ሌላ ቦታ እንሄዳለን» የሚል ነገር በጽሑፍ አስገቡ። ያን ሌላ ቦታም ከወዲሁ ምረጡ። ዋዲ ናትሩን፣ የጥንቱ ገዳመ አስቄጥስ፣ ከካይሮ 100 ኪሎ ሜትር ግድም ብቻ ነው፤ ተራራ የለበትም፣ ገዳማቱም ብዙ ናቸው። ስም ስትመዘግቡ ለሁሉም ንገሩ፦ «አየሩ ደህና ከሆነ ሲና፣ ካልሆነ አስቄጥስ።» ይህን ሰምቶ የከፈለ ሰው በኋላ አያጉረመርምም።

አየሩን ለማወቅ የግብፅ ሚቲዎሮሎጂ ባለሥልጣን የሚያወጣውን ማስጠንቀቂያ ከአንድ ሳምንት በፊት ጀምራችሁ ተከታተሉ። የምትመለከቱት የካይሮን ሳይሆን የቅድስት ካትሪንን ትንበያ ይሁን፤ ከሙቀቱ ይልቅ ነፋሱንና ዝናቡን እዩ። የሲና ማዕበል አብዛኛውን ጊዜ ከሜዲትራንያን በኩል ነው የሚመጣው። የእስክንድርያ ዓሣ አጥማጆች የብርድ ወራት ማዕበሎችን በስምና በቀን ቆጥረው ይጠብቃሉ፤ ከእነርሱም አንዱ የሚጠበቀው ልክ በጥምቀት ሰሞን ነው። እስክንድርያ በዝናብ ስትመታ የሰማችሁ ቀን የሲናን ጉዞ እንደገና አስቡበት። የመጨረሻውን ቃል ግን ከአካባቢው መሪ ውሰዱ፤ በተነሣችሁበት ቀን ጠዋት ደውሉለት፤ «አትምጡ» ካላችሁ አትሂዱ።

አሁን ወደ ልብስ ልግባ፤ ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ ይህን ነው። የእኛ ሰው ለብርድ ብሎ የሚይዘው ጋቢ ነው፣ ለጸሎት ደግሞ ነጠላ። ሁለቱም ጥጥ ናቸው። ጋቢ ደረቅ ሆኖ፣ ነፋስ በሌለበት ቦታ ሲቀመጡበት የሚስተካከለው የለም። ሽቅብ ሲወጣ ጀርባ ያልባል፤ ላቡን ጥጡ ይጠጣዋል፤ ጫፉ ላይ ቆም ሲሉ ያው ርጥብ ጥጥ ከገላ ላይ ሙቀት እየመጠጠ ያወጣል። ዝናብ ከነካው ደግሞ ጋቢው ራሱ ሸክም ይሆናል። ጂንስም እንደዚሁ ነው። ስለዚህ ጋቢው በላስቲክ ተጠቅልሎ ቦርሳ ውስጥ ይቀመጥ፤ የሚለበሰው ጫፍ ደርሰው ጥግ ሲይዙ፣ በደረቅ ገላ ላይ ነው። ነጠላውም በመንገድ ላይ አይንዘላዘል፤ ነፋስ ሲያነሣው ዓይን ይሸፍናል፣ ደረጃ ላይ ከእግር ይጠላለፋል።

ገላ የሚነካው ልብስ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሁን። በላዩ ወፍራም ሹራብ፣ ከሁሉ በላይ ነፋስና ውሃ የማያስገባ ጃኬት። ቀሚስ የምትለብስ እህት ከሥሩ ሁለት የሱፍ ታይት ትልበስ። ጓንት፣ ጆሮ የሚሸፍን ኮፍያ፣ ሁለት ጥንድ ካልሲ፤ አንዱ ለመቀየሪያ። ይህ ሁሉ ወጪ ይጠይቃል እንዳትሉ፣ ቡላቅ ያለው ወካለት ኤል በለህ የሰልቫጅ ገበያ አለላችሁ፤ ከአውሮፓ የመጣ የሱፍ ሹራብና የበረዶ ጃኬት ተከምሮ ይሸጣል። ከገናው በፊት አንድ ቀን ሰብሰብ ብላችሁ ሂዱ። ስትገዙ በአንገቱ በኩል የተሰፋችውን ምልክት አንብቡ፤ መቶ በመቶ ጥጥ ካለ መልሱት። ጃኬቱን ደግሞ አፋችሁ ላይ አድርጋችሁ በኃይል ንፉበት፤ ትንፋሹ በወዲያኛው በኩል ከወጣ ነፋሱም ይገባል ማለት ነው። ጫማው ሶሉ ጥርስ ያለው ይሁን። በሸራ ጫማና በነጠላ ጫማ የመጣ ሰው አውቶቡስ ላይ እንዳይሳፈር አድርጉ፤ ከሰዓታት ጉዞ በኋላ ተራራው ሥር ከምትከለክሉት ካይሮ ላይ መከልከሉ ይሻላል።

ሌላው ጾም ነው። የገና ጾምም ሆነ የጥምቀት ጋድ ከጉዞው ጋር ይገጥማል። ባዶ ሆዱን ሌሊቱን ሙሉ የወጣ ሰው ሰውነቱን የሚያሞቅበት ነገር የለውም። ይህን እኔ የምወስነው አይደለም፤ አስተባባሪውም አይወስነውም። ከመነሣታችሁ በፊት አባቶችን ጠይቁ፤ መንገደኛና ደካማ እንዴት እንደሚያደርግ እነርሱ ይነግሯችኋል። የሚበላው ነገር ችግር የለውም፤ የጾም የሆነ ሞልቷል። ቆሎ፣ ተምር፣ ኦቾሎኒ፣ የግብፆች ሀላዋ፤ ከሁሉም ግን በስኳር የተለወሰ በሶ። በየአንድ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ ይበላ። ውሃም ይጠጣ፤ በብርድ ጊዜ ጥማት ስለማይሰማ ሰው ሳያውቀው ይደርቃል። ለየአሥሩ ሰው አንድ ፔርሙዝ ሙቅ ሻይ ስኳር በዛ ተደርጎ ይያዝ፤ ጫፍ እስኪደርሱ እንዳይነካ።

ማን ይወጣል፣ ማን ይቀራል? መልሱን መዓዲ አጠገብ ባለው በዋዲ ደግላ ታገኙታላችሁ። ጥብቅ ቦታ ነው፤ የካይሮ ተጓዦች የሚለማመዱበት ሸለቆ። ከጉዞው ሁለት ሳምንት በፊት ቡድኑን ለሦስት ሰዓት እዚያ አስኪዱ። ማን ጉልበቱን እንደሚያመው፣ ማን እንደሚደክመው፣ የማን ጫማ እንደሚነክስ እዚያ ይታያል። የልብ፣ የአስም፣ የስኳር ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡር የሆነች ሰው ለብቻቸው፣ ሰው ሳይሰማ ይጠየቁ። ገዳሙ ድረስ ሄዶ ዕፀ ጳጦስን ተሳልሞ መቅረት ውርደት አይደለም። የሚቀሩት ብቻቸውን እንዳይሆኑ አንድ ኃላፊ መድቡላቸው።

የወረቀት ነገር አጭር ነው። ከስዊዝ ዋሻ ጀምሮ ኬላው ብዙ ነው። የእያንዳንዱን ሰው ፓስፖርትና ኢቃማ ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት እዩ፤ ቀኑ ያለፈበት ካለ ሕጋዊ ምክር ሳይጠይቅ አይሳፈር።

ተራራው ላይ ያለ ቤዱዊን መሪ አትወጡም፤ ደንብም ነው። ብዙዎቹ ከጀበሊያ ጎሣ ናቸው፤ ገዳሙ በስድስተኛው መቶ ዓመት ሲሠራ ጀምሮ እዚያ የኖሩ ሕዝብ ናቸው። የመሪውን ስልክ ብቻ ሳይሆን መንደር ያለ የአንድ ዘመዱን ስልክም ውሰዱ። አደጋ ቢደርስ መጀመሪያ የሚደርሱላችሁ እነርሱ ናቸው።

ስትወጡ መሪው ከፊት ይሁን፤ ከኋላ ደግሞ ማንንም የማያልፍ ጠንካራ ሰው። ፍጥነቱን የሚወስነው ከሁሉ ዘገምተኛው ነው። ሁለት ሁለት ሰው አጣምሩ፤ ጓደኛው የት እንዳለ የማያውቅ ማንም አይኑር። በመንገዱ ዳር ባለው ሻይ ቤት ሁሉ ቆጠራ ይደረግ፤ «ሁላችን አለን?» ተብሎ ሳይሆን በቁጥር። የእጅ ባትሪ ለእያንዳንዱ ሰው፤ የስልክ መብራት አይታመንም፣ ብርድ የስልክን ባትሪ ቶሎ ይገድለዋል። ስልኩ ከደረት ኪስ፣ ከገላ አጠገብ ይቀመጥ።

የምትወጡበት የግመል መንገድ ያለቀበት ቦታ 750 ያህል የድንጋይ ደረጃ ይጀምራል። ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነው። ድንጋዩ በዘመናት እግር ተፍቆ ለስልሷል፤ በጥር ሌሊት ላዩ ላይ ስስ በረዶ ሲይዝ ውሃ የነካው ብቻ ይመስላል። ባትሪ ስታበሩበት እንደ መስታወት ብልጭ ካለ በረዶ ነው። እግርን ከመጣል በፊት በጫማ ጫፍ ፋቅ አድርጋችሁ ሞክሩት፤ ከደረጃው መሀል ይልቅ ሻካራ የሆነውን ዳር ርገጡ። ፀሐይ ስትወጣ ለማየት ሰው ከኋላ ይገፋል፤ አትጋፉ፣ አስቀድሙት። ስትወርዱ የባሰ ነው፤ ጉልበት ደክሟል፣ ዓይን ደግሞ አካባቢውን ያያል። ጥላ የሚውልበት ደረጃ ፀሐይ ወጥታም በረዶው አይለቅም፤ ስለዚህ ለመውረድ አትቸኩሉ፣ ጥግ ይዛችሁ ብርሃኑ እስኪጠና ጠብቁ። ደረጃው በበረዶ ተሸፍኖ የማይታይ ከሆነ ግን መውጣቱ እዚያው ይቁም። ሻይ ቤቱ ውስጥ ጸሎት አድርሳችሁ፣ በመጣችሁበት በሰፊው የግመል መንገድ ተመለሱ።

ብርድ ሰውን እንዴት እንደሚይዝ እወቁ። መጀመሪያ ይንቀጠቀጣል፤ ይህ ደህና ነው፣ ሰውነት ራሱን እያሞቀ ነው። ቀጥሎ ይደናቀፋል፣ ምላሱ ይተሳሰራል፣ ይነጫነጫል፣ ወይም ዝም ይላል። «ደህና ነሽ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ ሁሉም «ደህና ነኝ» ነው የሚለው። «እህቴ፣ የጃኬትሽን ዚፕ ዝጊ እስኪ» በሏት። ጣቷ አልታዘዝ ካላት፣ ወይም ለምን እንደታዘዘች ግራ ከገባት፣ የሰውነቷ ሙቀት መውረድ ጀምሯል። የሚያስፈራው መንቀጥቀጡ ሳትሞቅ ሲቆም ነው። አንዳንዱ በዚያ ሰዓት «ሞቀኝ» ብሎ ልብሱን ያወልቃል፤ አትፍቀዱለት፣ ሞት አፋፍ ላይ ነው።

ያን ጊዜ ወዲያው ከነፋስ አስጠጓት። ከሥሯ ቦርሳም ገመድም ያገኛችሁትን አንጥፉ፤ መሬቱ ከአየሩ የበለጠ ሙቀት ይወስዳል። ርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ ደረቅ አልብሱ፤ ጋቢው የሚያስፈልገው አሁን ነው፣ በላዩም ነፋስ የማያስገባ ላስቲክ። ሃይላንድ ውስጥ ሙቅ ውሃ ሞልታችሁ፣ የፈላ ሳይሆን፣ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ብብቷና ደረቷ ላይ አድርጉ። ነቅታ መዋጥ ከቻለች ጣፋጭ ሻይ በጥቂት በጥቂቱ ስጧት። ካልነቃች አፏ ውስጥ ምንም አይግባ። እጅና እግሯን አትሹ፤ አረቄ አትስጡ፤ አረቄ ሙቀት የሰጠ እየመሰለ ሙቀቱን ያስወጣል። መንቀጥቀጧ ካቆመ አስነሥታችሁ አታስኪዷት፤ አጋድማችሁ በዝግታ አንሡ፣ የቀዘቀዘ ልብ በትንሽ መናጥ ሊቆም ይችላል። ጣቱ ነጥቶ የደነዘዘ ሰው ካለ አትሹት፣ እሳት አጠገብም አታቅርቡት፤ ሐኪም ጋ እስኪደርስ ደረቅ ጓንት ውስጥ ይቆይ።

በግብፅ አምቡላንስ 123፣ ፖሊስ 122፣ የቱሪስት ፖሊስ 126 ነው። አረብኛ የሚችል ሰው ይደውል፤ የት እንዳላችሁ፣ ስንት ሰው እንደተጎዳ፣ ነቅቶ እንደሆነ፣ መሪው ማን እንደሆነ ይናገር። ስልክ ካልሠራ ሁለት ሰው ወደ መሪው ዘመድ ይውረድ፤ አንድ ሰው ብቻውን አይላክ። መንገድ የጠፋው ቡድን ካለበት አይነቃነቅ። በደቂቃ ስድስት ጊዜ ፊሽካ ንፉ ወይም ባትሪ አብሩ፤ አንድ ደቂቃ ዝም በሉና ደግሙ። ይህ በዓለም ላይ የሚታወቅ የእርዳታ ጥሪ ነው። ሄሊኮፕተር ከመጣ ሁለቱን እጅ ሽቅብ ከፍታችሁ ማንሣት «አዎ፣ እርዱን» ማለት ነው። ካይሮ ላይ ደግሞ የስም ዝርዝሩንና የመመለሻውን ሰዓት የያዘ አንድ ሰው ተዉ፤ እስከዚያ ሰዓት ካልደወላችሁ እርሱ ይደውል።

ዝናብ ከዘነበ የደረቀ ሸለቆ ውስጥ አትደሩ፣ አውቶቡሱም አይቁምበት። ጎርፉ ከሩቅ ተራራ ነው የሚመጣው፤ እናንተ ያላችሁበት ሰማይ ጥርት ብሎም ሊደርስ ይችላል።

የቀረው ሾፌሩ ነው። እናንተ ስትወጡ እርሱ መተኛት አለበት፤ ብዙ ጊዜ ግን አውቶቡሱ ውስጥ በብርድ ሲገላበጥ ያድራል፣ ወይም አብሮ ይወጣል። የአንድ ሌሊት አልጋ ሒሳቡን ከጉዞው ዋጋ ላይ አስቀድማችሁ ደምሩ፤ መኝታውን ያዙለት፤ ጠዋት ስትወርዱ ስንት ሰዓት እንደተኛ ጠይቁት። ካልተኛ ሞተር አይነሣም። ሰው ለሥራ በማግስቱ ጠዋት መድረስ አለበት ተብሎ የሚደረገው ግፊያ የሚበረታው በዚህ ሰዓት ነው፤ አሠሪዎችን ከገዳሙ ሥር ሆናችሁ በየስልኩ ደውላችሁ «እንዘገያለን» ብትሉ ይሻላል። በመንገድ ላይም ከሾፌሩ ጎን አንድ ያልደከመ ሰው አስቀምጡ፤ ሥራው ሾፌሩን ማነጋገርና በየሁለት ሰዓቱ ማስቆም ብቻ ይሁን።